በታላቅ እግር ልክ

በዚያ ቤት ካርቶን አይጣልም። የሳሙናም ይሁን የብስኩት፣ ዝናብ ያራሰው እንኳ ቢሆን፣ እንደ ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ይደርቅና መጋዘን ውስጥ ይደረደራል። የቤቱን እናት ልጆቹ ፊት ለፊት «እማማ» ይሏቸዋል፤ ዞር ሲሉ ግን «እማማ ካርቶን» ናቸው። እሳቸውም ያውቃሉ። «ለካርቶኔ ስም ብታወጡ ምን ይከፋኛል፤ ለአፍንጫዬ አላወጣችሁ!» ይላሉ። አፍንጫቸው በእርግጥም ስም የሚያስወጣ ነበር።

አስተርጓሚዋም በደረሰች በማግስቱ ስም ወጣላት፤ «ግማሽ እንግዳ»። ባሕር ማዶ ካለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን፣ ወላጅ ያጡትን ልጆች ለሦስት ሳምንት ሊያገለግሉ ከመጡት ስምንት ሰዎች ሰባቱ ሙሉ እንግዶች ነበሩ፤ ፀሐይ የሚያቀላቸው፣ «ደህና አደራችሁ»ን ማታ ማታ የሚሉ። ስምንተኛዋ እሷ ናት። ቋንቋውን እንደ ልጆቹ ትናገራለች፤ ስትታማ ይገባታል፤ ውሃ ግን ከታሸገ ጠርሙስ ብቻ ነው የምትጠጣው። «አፏ የኛ፣ ሆዷ የነሱ» ብሎ የፈረደው ድምቡሼ የሚሉት የስድስት ዓመት ልጅ ነው። ፍርዱም ጸና፤ ይግባኝ የሚሰማ አልነበረም።

ዘጠኝ ዓመቷ ላይ አክስቷ እጇን ይዛ ከአገር አስወጥታት፣ እዚያው ተምራ፣ እዚያው ሥራ ይዛ፣ አሁን ሠላሳ ሁለት ሞልቷታል። አንድ ቦታ መርጋት የማይሆንላት ሰው ናት። ቤት ትቀይራለች፤ ሠፈር ትቀይራለች፤ ጸሎት ላይ ሌላው ዐይኑን ሲጨፍን እሷ የመስኮቱን መስታወቶች ትቆጥራለች። ከጸሎቱ መቅረት ደግሞ አትችልም። ወደዚህም ስትመጣ መንገዱን ሙሉ ራሷን ስትጠይቅ ነበር። ሦስት ሳምንት ልጅ አቅፎ፣ አዝሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ መመለስ ምን የሚሉት አገልግሎት ነው? ልጁ ገና ለመድኳቸው ሲል መለየት፤ በዓመቱ ደግሞ ሌላ አቃፊ። ይህን ለማንም አልተነፈሰችም። አንድ የምትተማመንበት ነገር ግን ነበራት፤ ጫማው።

የጫማው ነገር እንዲህ ነው። በየዓመቱ እንግዶቹ ሊሄዱ ሲሉ በእያንዳንዱ ልጅ ስም አንድ እግር ካርቶን ላይ በእርሳስ ይከበባል። ካርቶኖቹ ባሕር ይሻገራሉ። ለከርሞ የሚመጡት እንግዶች በዚያ ልክ ጫማ ይዘው ይመጣሉ፤ ለወንድም ለሴትም አንድ ዓይነት፣ ጥቁር፣ ድፍን፣ ባለ ክር፣ ትምህርት ቤቱ እንደሚያዘው። ይህን ሥራ ለብዙ ዓመት ስትመራ የኖረችው ስድስት ልጅ ያሳደገች አንዲት ባልቴት ነበረች። አምና ጉልበቷ ሲከዳት ለአስተርጓሚዋ አስረከበቻት። «አንቺ ጥንቁቅ ነሽ» አለቻት።

ጥንቁቅስ ነበረች። የምትሠራው በአንድ የሕፃናት ክሊኒክ መዝገብ ቤት ነው፤ ዕድሜ፣ ቁመት፣ ክብደት ስታመሳክር ትውላለች። እናም ሃያ ሁለቱን ካርቶኖች የቤቷ ወለል ላይ ደርድራ በማስመሪያ ስትለካ፣ አንዱም እግር ከልጁ ዕድሜ ጋር አልገጥም አላት። ሁሉም ትልቅ ነው። ስታስበው ምክንያቱ ተገለጠላት፤ እርሳሱ ወደ ውጭ ተጋድሞ ነው። ያልለመደ ሰው እግር ሲከብብ እርሳሱን ያጋድማል፤ መስመሩም ይሰፋል። ከእያንዳንዱ ልክ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ቀነሰች። ቁጥሮቹ ሁሉ ከሰንጠረዡ ጋር ቁጭ አሉ። ያን ቀን ደስ ብሏት ዋለች። መርዳት ማለት እንዲህ ነው፣ አለች በልቧ፤ ማቀፍ ሳይሆን ልክን ማወቅ።

ሳጥኖቹ የተከፈቱት በመጡ በሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት፣ ምግብ አዳራሽ ውስጥ ነው። ትምህርት ሊከፈት አሥር ቀን ቀርቶታል። የቡድኑ መሪ ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ናቸው። በደረሱበት ቀን ሻንጣቸውን ሳያሳርፉ ወንበር ላይ ወጥተው የተቃጠለ አምፖል ስለቀየሩ ልጆቹ «አባባ አምፖል» ብለዋቸዋል። እሳቸው አጭር ጸሎት አደረሱ፤ ልጆቹ ዘመሩ፤ ድምቡሼ ከሁሉ ቀድሞ ጫማውን ተቀበለ።

አልገባም። ክሩን ፈታ፣ ተረከዙን ወለሉ ላይ ደጋግሞ መታ፣ ፊቱ ቲማቲም እስኪመስል ገፋ።

«ምን ሆነሃል?» አለችው አስተርጓሚዋ አጠገቡ ተንበርክካ።

«እኔ ምንም አልሆንኩ። ጫማው ነው እግሬን ያልወደደው።»

ከኋላው ያለውም አልገባለትም። ከዚያ ኋላ ያለችውም። አዳራሹን የሞላው ሁካታ እየሳሳ ሄዶ የወረቀት መንኮሻኮሽ ብቻ ቀረ። ከሁሉ ትልቋ፣ አሥራ አምስት ዓመት የሞላት፣ ሁሉንም ስለምታዝዝ «አለቃ» የሚሏት ልጅ ናት። እሷ አንዴ ብቻ ሞከረች። ከዚያ ጫማውን በወረቀቱ ጠቅልላ፣ ወደ ሳጥኑ መልሳ፣ ክዳኑን ገጥማ፣ «ያምራል» አለች። በዚህ ዓመት ከተማው ዳር ወዳለው ከፍተኛ ትምህርት ቤት የምትገባ እሷ ነበረች። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ተማሪ ሲገባ ከፊቱ ቀድሞ እግሩን እንደሚያይ ያልሰማ አልነበረም፤ ድፍን ጫማ የሌለው ከበር ይመለሳል። የአምናው ጫማዋ ደግሞ አፉን ከፍቶ ጣቷን ያሳያል።

አስተርጓሚዋ ከድምቡሼ አጠገብ ተነሣች። አንድ ሴንቲሜትር ተኩል። በዐይኗ ብቻ አየችው፤ በየተረከዙ ላይ የጎደለው ልክ ያው ነው።

ሽማግሌው ጠጋ ብለው በራሳቸው ቋንቋ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እንዳያዝኑ ንገሪያቸው። ልኬቱ ላይ ትንሽ ስሕተት ሳይገባ አልቀረም፤ ሊያጋጥም ይችላል። ለከርሞ ጥሩ መለኪያ ይዘን እንመጣና እንዴት እንደሚለካ እናሳያቸዋለን» አሉ።

አስተርጓሚዋ ወደ እማማ ዞረች። «አይዘኑ ይላሉ» አለች።

«ይህን ሁሉ ተናግረው ‹አይዘኑ› ብቻ ነው ያሉት?»

«ቋንቋቸው ረጅም ነው።»

እማማ ሳጥኖቹን አዩ፣ እጃቸውን አዩ። «እንግዲህ በያቸው» አሉ፤ «ዐይኔ ሳይደክም አልቀረም። ሃያ ሁለት ልጅ ያለ ጫማ አስቀረሁ። ከእንግዲህ ሌላ ሰው ይለካ፤ እኔ እርሳሱን አስቀምጫለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ በያቸው።»

ይህን አንድ ቃል ሳታስቀር ተረጎመችው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች ነበር፤ መሬት ግን እንዲህ ለፈለጋት ሰው ተሰንጥቃ አታውቅም። ሽማግሌው የእማማን ትከሻ መታ መታ አደረጉ፤ ከእንግዶቹ አንዷ እንባዋን ጠረገች፤ ነገሩም «እማማ ተሳሳቱ» ተብሎ ተዘጋ።

ከምሳ በኋላ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ብቻዋን ቆማ ለራሷ ሰበብ ስትፈልግ ዋለች። ደግሞም አገኘች። እርሳሱ በእርግጥ ተጋድሞ ቢሆንስ? ሰንጠረዡ ይዋሻል እንዴ? ጫማ ሻጩ ቁጥር አሳስቶ ቢሆንስ? ሰበብ ሲፈለግ አይጠፋም፤ ችግሩ አንዱም አፍ ሞልቶ የሚነገር አለመሆኑ ነው።

የመጋዘኑ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ድምፅ ሰምታ ገባች። እማማ መሬት ላይ ተንበርክከዋል፤ ፊታቸው ድምቡሼ በአንድ እግሩ ካርቶን ላይ ቆሟል።

«አትነቃነቅ አልኩህ! እግር ነው ያለህ ወይስ ዓሣ?»

«ይበላኛል!»

«ለክቼህ ስጨርስ ትበላለህ... ነይ ልጄ፣ ግቢ» አሉ እማማ አስተርጓሚዋን ሲያዩ። «እኔ እኮ ሁልጊዜ ሁለት ነው የማሰምረው፤ አንዱ ለመንገድ፣ አንዱ ለቤት። ያምናውን አውጥቼ እያየሁት ነው። ነይ እዪልኝ፤ ዐይኔ አታሎኝ ከሆነ ዐይንሽን አበድሪኝ።»

አየች። የድምቡሼ ስም የተጻፈበት ካርቶን ነው። እግሩ መስመሩ ውስጥ ልክክ ብሏል፤ ከጣቶቹ ፊት ለማደግ የምትበቃ ጠባብ ቦታ ቀርታለች።

«ልክ ነው» አለች። ከዚያ ካርቶኑን ደግማ አየችው። «ግን ይሄ ያምና ካርቶን አይደለም? ያምና እግሩ እንዴት ዘንድሮ ልክ ይሆናል?»

«የሱ እግር አይደለማ!» አሉ እማማ፤ ሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው። «የዚያ ሯጩ የምንለው ልጅ ነው። ሯጩ ከሱ በዓመት ይበልጣል። ልጄ፣ ጫማው የሚመጣው ለከርሞ ነው፤ የዘንድሮን እግር ለክቼ ብልክ የከርሞውን እግር ማን ያለብስልኛል? እዚህ ቤት ታላቅ ለታናሹ ይቆማል። ሯጩ ለድምቡሼ፣ ለሯጩ ደግሞ ከሱ የሚበልጠው፣ እንዲህ እያለ እስከ አለቃ ድረስ። ለአለቃ ወጥ ቤቷ ትቆማለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የላክነው።»

«ይህን ጽፈው ነግረዋቸው ያውቃሉ? እነሱን ማለቴ ነው።»

«ለዚያች ለባልቴቷ? ስድስት የወለደች ሴት ልጅ እንደሚያድግ ልጽፍላት?»

አስተርጓሚዋ ከካርቶኑ ጎን መሬት ላይ ቁጭ አለች። ድምቡሼ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ አንዴ አንዷን አንዴ ሌላዋን ያያል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የሷ ማደር እንኳ አላስፈለገውም።

«እማማ፣ ዐይንዎ ደህና ነው» አለች። «ካርቶኑ ልክ ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ሁሉን ነገረቻቸው፤ ሰንጠረዡን፣ እርሳሱን፣ ደስ ብሏት የዋለችበትን ቀን ሳይቀር። እማማ እየሰሙ ካርቶኖቹን በሲባጎ አሰሩ። ቋጠሮውን ጠበቅ አደረጉና ቀና አሉ።

«ስንት ነው የቀነስሽው?»

በሁለት ጣቶቿ አሳየቻቸው።

«ይህችን?»

«ይህችን።»

«ይህች እኮ ልጄ፣ ዓመት ናት።» ካርቶኖቹን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ። አስተርጓሚዋ ቁጣውን ጠበቀች። «እንግዲህ ዐይኔ አልደከመም ማለት ነው?»

«አልደከመም።»

«ተመስገን። መነጽር አልወድም፤ ከአፍንጫዬ ላይ አይወርድም ብዬ ፈርቼ ነበር።» ከዚያ ግን ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። «ጠዋት ግን ያን ሁሉ ሰው ፊት ‹ጥፋቴ ነው› ብዬ ስናገር አጠገቤ ቆመሽ ነበር። አሳምረሽም ተረጎምሽልኝ።»

አስተርጓሚዋ የሲባጎውን ቋጠሮ በጣቷ ነካካች።

«ተነሺ» አሉ እማማ። «አሁን ደግሞ የራስሽን ተርጉሚ። እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ።»

ሽማግሌው ኮሪደር ላይ መሰላል ላይ ነበሩ። ከላይ ሆነው ሰሟት፤ ስትጨርስ ቀስ ብለው ወረዱና እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«ሠላሳ ስምንት ዓመት ሽቦ ስነካ ኖርኩ» አሉ። «ቤት የሚያቃጥለው ምንም የማያውቅ ሰው አይደለም፤ የማያውቅ ሰው ሽቦ አይነካም። አውቃለሁ የሚል ነው የሚያቃጥል። እኔ ራሴ ሁለት አቃጥያለሁ።» ከዚያ ወደ እማማ ዞረው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ጠዋት ‹እንዴት እንደሚለካ እናሳያቸዋለን› ብዬ ነበር። ይቅር ይበሉኝ። ይህንንም ንገሪያቸው፤ ጠዋት ያልነገርሻቸውን ጨምረሽ።»

ነገረቻቸው። እማማ ሰሙና፣ «ቋንቋቸው ረጅም ነው ስትይ እውነትሽን ነው ለካ» አሉ።

ልጆች ባሉበት ቤት ምሥጢር በር አይዘጋም። ማታ ለራት ሲሰበሰቡ ሁሉም አውቋል። አስተርጓሚዋ ዐይኗን ሳህኗ ላይ ተክላ ሾርባዋን ስታማስል አለቃ ከጠረጴዛው ማዶ ብድግ አለች።

«እትዬ፣ ከሁላችን ጫማ የቀነስሽው እኩል ነው?»

«እኩል ነው።»

«ከሁሉም? ከትልቅም ከትንሽም?»

«ከሁሉም።»

«እንግዲያው ጫማው አልተበላሸም፤ ቦታ ነው የሳተው። ሾርባችሁን ጨርሱና በቁመት ተሰለፉ!»

ተሰለፉ። እያንዳንዱ የራሱን ሳጥን ፊቱ አስቀመጠ፤ አለቃ ከፊት፣ ድምቡሼ ከጭራ። «ሳጥኑ ባለበት ይቅር። ሰው ብቻ አንድ እርምጃ ወደ ፊት!» አለች። ረገጡ፣ ሞከሩ፤ ጠበበ። «እንደገና!» አሁንም ጠበበ። በሦስተኛው አንዳንዱ ገባ። በአራተኛው ከኋላ ጩኸት ተነሣ፤ ድምቡሼ ክሩን ሳያስር አዳራሹን በሩጫ ዞረ። አሥራ ስምንት ልጅ ጫማ አገኘ፤ ከጣት ፊትም የምታሳድግ ቦታ ተረፈች።

ከኋላ አራት ትንንሽ ሳጥኖች ባለቤት አጡ። ከፊት ደግሞ አራት ልጆች፣ አለቃና ሦስት ወንዶች፣ ባዶ ወለል ላይ ቆመው ቀሩ።

«እኛ ከሰልፉ ወጥተናል» አለች አለቃ፤ ሹመት እንዳገኘ ሰው ቀና ብላ። ልጅቱ መጀመሪያውኑ ሒሳቡ ገብቷት ነበር። ሰልፉ አንድ እርምጃ በገፋ ቁጥር ከፊት አንድ ሰው እንደሚወድቅ፣ ከሁሉ ፊት ያለችው ደግሞ እሷ እንደሆነች እያወቀች ነው «እንደገና!» ስትል የቆየችው።

በማግስቱ ጠዋት አስተርጓሚዋና ሽማግሌው መንገዱን ተሻግረው ከበሩ ትይዩ ጫማ ሰፊው ዘንድ ሄዱ። ሱቁ ሁለት ሰው ቢገባበት ሦስተኛው ከውጭ ሆኖ የሚያወራበት ነው። ትምህርት ሊከፈት ስለሆነ ጫማ እስከ ጣሪያው ተቆልሏል፤ ሶሉ የተገነጠለ፣ ተረከዙ ያለቀ፣ በጆንያ የመጣ፣ በክር የተንጠለጠለ። ጫማ ሰፊው በጥርሱ ሚስማር ይዞ ያወራል።

«አራት ጥንድ? በዘጠኝ ቀን? እህቴ፣ ይህን ክምር እዪ! ቆዳ አለኝ፤ ሶል አለኝ፤ እጅ ነው የሌለኝ።»

«እጅ እኛ አለን» አለች።

ሚስማሩን ከአፉ አውጥቶ አያት። «እስቲ አሳዩኝ።»

የሽማግሌውን መዳፍ ገልብጦ አየና በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። የእሷን ሲያይ ግን ከንፈሩን መጠጠ። «ይሄ ወረቀት ሲይዝ የኖረ እጅ ነው። ግድ የለም፤ ይፍቃል። ስሙኝ፤ የሰው ጫማ ክምሩን እናንተ ታነሡልኛላችሁ፤ እኔ የልጆቹን እሠራለሁ። ያለዚያ አይሆንም።»

ለቆዳው ዋጋ ትርፍ ከሆኑት ትንንሽ ጫማዎች ሦስቱን ተቀበለ፤ በዚህ ሰሞን ፈላጊያቸው ብዙ ነው። አራተኛውን እማማ አልሰጡም። «አንዷ ትቅር» ብለው መጋዘን ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቀሏት። «አዲስ ልጅ በራችንን ሲያንኳኳ ቀድሞ የእግሩን ልክ አይልክም።»

የእንግዶቹ ዕቅድ የአዳራሹን ግድግዳ በእንስሳት ሥዕል መሙላት ነበር። ዝሆኑ ኩምቢ ሳይወጣለት ሁሉም በየተራ መንገዱን ተሻገረ፤ ልጆቹም ግድግዳው ላይ የቀረውን እንስሳ «አሳማ ነው» ብለው ተስማሙበት። አስተርጓሚዋና ሽማግሌው ግን ተራ አልነበራቸውም፤ ከእሑድ በቀር በየቀኑ እዚያው ዋሉ። ያረጀ ሙጫ በቢላ ይፈቃል፤ ሶሉ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ አዲስ ሙጫ ይቀባል፤ ከዚያ ይጠበቃል። መጠበቁ ነው ያስቸገራት።

«አሁን ልለጥፈው?»

«ጣትሽን አስነኪው። ያዘሽ?»

«ያዘኝ።»

«እንግዲያው አልደረሰም። ጣትሽን ሲለቅሽ ነው ጫማውን የሚይዝልሽ።»

ማስመሪያ አውጥታ ሶል ስታስተካክል ያዛት ጊዜ ደግሞ መንገደኛ እስኪሰማ ጮኸ። «እትዬ ባሕር ማዶ! እሱ ጫማ የሻይ ሻጭ ነው፤ የንጉሥ አይደለም፤ ለጥፊው! አንቺ እኮ መለኪያ ካየሽ ልጅ በባዶ እግሩ ትሰድጃለሽ።»

ሽማግሌው ያለ አስተርጓሚ ሳቁ። ወሬው እስከዚህ ደርሷል ማለት ነው፤ እሷም ሳቀች። በአምስተኛው ቀን ይሁን በስድስተኛው፣ የሰው ጫማ ጭኗ ላይ አድርጋ በሰም የታሸ ክር ስትጎትት አንድ ነገር ታወቃት፤ «ለምን መጣሁ» የሚለውን ጥያቄ ከጠየቀች ቆይታለች። ጥያቄው መልስ አግኝቶ አይደለም። ወስፌ ይዞ እንዲህ ያለ ነገር ማሰብ ጣት ያስወጋል፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

የመጨረሻው ጥንድ የአለቃ ነበር። ሐሙስ የወንዶቹ አለቀ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ጫማ ሰፊው የግራውን ተረከዝ ለአስተርጓሚዋ አቀበላት። «ይህችን ስፌት አንቺ ጨርሻት። ዕዳሽን በእጅሽ ክፈዪ» አለ። ሰፋች። አንዴ ተወጋች፣ አንዴ ፈታች፣ ጨረሰች።

አለቃ ጫማውን ተቀብላ እግሯን አስገባች። ተራመደች። ቆመች። ጎንበስ ብላ ተረከዙን አየችው።

«ሌላው ስፌት ሁሉ ቀጥ ብሏል። ይህቺ ለምንድነው የሰከረችው?»

«ባሕር ማዶ ናት የሰፋቻት» አለ ጫማ ሰፊው።

«ይጠብቃል?» ብላ አለቃ ወደ እሷ ዞረች።

«ሁለት ጊዜ ነው የሰፋሁት።»

«እንግዲያው ይስከር» አለችና ሳጥን አልፈልግም ብላ እንደተጫማችው መንገዱን ተሻገረች።

ሰኞ ጠዋት ሃያ ሁለት ጥንድ ጥቁር ጫማ ከበሩ ወጣ። እማማ አንድ በአንድ ክር እያጠበቁ አሰናበቱ። ድምቡሼ እግሩን ከጉልበቱ በላይ እያነሣ እንደ አውራ ዶሮ ይራመዳል፤ አቧራ እንዳይነካው ነው። ጫማ ሰፊው ሚስማሩን በጥርሱ ይዞ ከሱቁ ወጥቶ ቆሞ ሲያይ፣ ሽማግሌው ከአጠገቡ ቆመው ነበር፤ ሁለቱ በየቋንቋቸው እያወሩ ይግባባሉ። ቀን ላይ አለቃ ስትመለስ አስተርጓሚዋ በሩ ላይ ጠበቀቻት።

«ዘበኛውስ?»

«እግሬን አየ፤ እለፊ አለኝ። ሌላ ምን ሊለኝ ኖሯል?» አለች አለቃ፤ ስታልፋት ግን ፈገግታዋን መያዝ አልቻለችም።

ሦስቱ ሳምንት ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው እማማ የካርቶኑን ቁልል አዳራሹ መሃል አስቀመጡ። እርሳሱን በቢላ ቀርጸው ለአስተርጓሚዋ ሰጧት።

«እኔ?»

«አንቺ። ቀጥ አድርገሽ ያዢ፤ እርሳስ መጋደም እንደሚወድ አንቺ ነሽ የነገርሽኝ።»

ልጆቹ ሳቁ። ሥራው ተጀመረ። ሯጩ ለድምቡሼ ቆመ፤ ለሯጩ ከሱ የሚበልጠው። እያንዳንዱ ታላቅ ጫማውን አውልቆ፣ ተከብቦ ሲያበቃ፣ ታናሹ መጥቶ እግሩን መስመሩ ውስጥ አድርጎ ያያል። «ይህን ሁሉ ላድግ ነው?» ይላል። «ከበላህ» ይሉታል እማማ። ካርቶኑ ጀርባ ላይ አስተርጓሚዋ በትልልቁ ጻፈች፤ «ይህ የታላቅ እግር ነው። ልኩ አይነካ።» ሃያ አንድ ጊዜ ጻፈች።

ሃያ ሁለተኛው የአለቃ ነበር። ወጥ ቤቷ ተጠራች፤ መጣች፤ እግሯን አሳየች። ዘንድሮ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ዳቦ አክሏል። «ይሄን ለክታችሁ ብትልኩ ጀልባ ነው የሚመጣላችሁ» ብላ ወደ ድስቷ ተመለሰች።

እማማ አዳራሹን ቃኙ። የእንግዶቹን እግር አንድ በአንድ አዩ፤ ይሄ ረዘመ፣ ያ ሰፋ። በመጨረሻ ዐይናቸው አስተርጓሚዋ ላይ ዐረፈ።

«አንቺ፣ ጫማሽን አውልቂ።»

አወለቀች። አለቃ እርሳሱን ከእጇ ወስዳ ተንበረከከች፤ ካርቶኑን አስተካከለች። አስተርጓሚዋ ቀኝ እግሯን አሳረፈችበት። ካርቶኑ ይቀዘቅዛል፤ ትንሽ የሳሙና ሽታ አለው።

«እትዬ፣ ትንሿ ጣትሽ ተጣማ ተኝታለች» አለች አለቃ፤ እርሳሱን ቀጥ አድርጋ እያስኬደች። «የኔም ለከርሞ እንዲህ ከሆነች አንቺን ነው የምጠይቅ።»

«ጠይቂኝ።»

«እመጣለሁ ነው የምትይኝ? እንግዳ ሁሉ ሲሄድ እመለሳለሁ ነው የሚለው። እኛ መቁጠር ትተናል።»

አስተርጓሚዋ የሚባለውን ታውቀው ነበር፤ አፏ ላይም ደርሶ ነበር። ዋጠችው። «እሱን አላውቅም» አለች። «ካርቶኑን ግን ማንም አይነካውም። ጫማውን ራሴ ነኝ የምገዛው፤ በዚህ እግሬ ለክቼ።»

አለቃ ቀና ብላ ትንሽ አየቻት። መልሱን እየመዘነችው ይመስላል። ከዚያ የራሷን ስም ጥግ ላይ ጽፋ ወደ ተረከዙ ዞረች።

«ግማሽ እንግዳ ቆማለች!» ብሎ ድምቡሼ ከኋላ ጮኸ። «በአንድ እግሯ!»

«ይበላኛል» አለች አስተርጓሚዋ።

«አትነቃነቂ እንጂ!» አለቻት አለቃ፤ ቁርጭምጭሚቷን በእጇ ጥርቅም አድርጋ ይዛ።

አልተነቃነቀችም።